የስብ ብግነትና የስኳር በሽታ፤ ተስፋፍቶ በሚነገር አንድ ትምህርት ላይ የቀረበ ሒስ

እንደሚታወቀው ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ሁለተኛው ዐይነት የስኳር በሽታ በዘመናችን የሕክምና ትምህርት ውስጥ ሁልጊዜ አብረው ይነሣሉ። ከነርሱም ጋር የደም ግፊት፣ በጉበት ውስጥ የሚከማች ስብና የልብ የደም ሥር መጥበብ ተያይዘው ይመጣሉ። ውፍረት ወደነዚህ በሽታዎች የሚያሸጋግረው በምን መንገድ ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ በመማሪያ መጻሕፍትም ሆነ በተማሪዎች የጥናት ወረቀቶች ላይ የሚሰጠው መልስ አንድ እየሆነ ሄዷል፤ ይኸውም «ድልድዩ የስብ ብግነት ነው» የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ትምህርት ለመሻር አይደለም። ትምህርቱ በብዙ ድካም የተገኘና ስለ ሰውነታችን አስቀድሞ ያልታወቀ ነገር የገለጠ ነው። ነገር ግን በአይጥ የተረጋገጠውንና በሰው የተረጋገጠውን ሳይለዩ፣ አብሮ መገኘትንና ምክንያት መሆንንም ሳይለዩ እንደ አለቀ ነገር መድገም የሳይንስ ተማሪ ሥራ አይደለም። በበኩሌ የምለው ይህ ነው፤ ብግነቱ በእርግጥ አለ፣ ጉዳትም ያደርሳል፤ ነገር ግን የበሽታው ሥር ብግነቱ ሳይሆን ስብ ከማስቀመጫው አቅም በላይ መሆኑ እንደ ሆነ በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ ያመለክታል። «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» እንደሚባለው ነገሩን ከአመጣጡ ጀምረን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

፩. የትምህርቱ አመጣጥ

ብግነት ማለት አካል ሲቈስል ወይም ተሕዋስያን ሲገቡበት የሚያሳየው መከላከል ነው። የጥንት ሐኪሞች ምልክቶቹን አራት ብለው ቈጥረዋቸዋል፤ እነርሱም መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና መታመም ናቸው። በወፍራም ሰው ስብ ውስጥ የሚገኘው ብግነት ግን ከነዚህ አንዱንም ለዐይን አያሳይም። ዝግ ያለ፣ ለዓመታት የሚቈይ፣ በአጉሊ መነጽርና በደም ምርመራ ብቻ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ከቍስል ብግነት ጋር አንድ አለመሆኑን አንባቢ ከመጀመሪያው ልብ ሊል ይገባል።

በ1936 ዓ.ም. በለንደን ሃሮልድ ሂምስወርዝ የስኳር ሕሙማን ሁሉ አንድ ዐይነት አለመሆናቸውን፣ ከፊሎቹ ኢንሱሊን ሲሰጣቸው ሰውነታቸው በቀላሉ የማይታዘዝ መሆኑን አሳዩ። በ1947 ደግሞ የማርሴዩ ሐኪም ዣን ቫግ በሆድና በላይኛው የሰውነት ክፍል የሚከማቸው ስብ በዳሌና በጭን ከሚከማቸው ይልቅ ከስኳር በሽታ ጋር የሚዛመድ መሆኑን ጻፉ። እነዚህ ሁለት ሐሳቦች ትልቅ ነገር ያመለክቱ ነበር። ይሁን እንጂ ስብ ራሱ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት እንደ ጐተራ ብቻ ይታይ ነበር፤ ሲተርፍ የሚከተትበት፣ ሲጐድል የሚወጣበት፣ ራሱ ግን ምንም የማይሠራ ጐተራ።

ይህን አመለካከት ከለወጡት ሥራዎች አንዱ በ1993 ዓ.ም. ጐካን ሆታሚስሊጊል፣ ናሪንደር ሻርጊልና ብሩስ ስፒግልማን በቦስተን ያወጡት ጥናት ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች ቲ.ኤን.ኤፍ. አልፋ የተባለው የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን በወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ በብዛት እንደሚሠራ አገኙ፤ ይህንም ፕሮቲን በወፈሩ አይጦች ደም ውስጥ ባከሸፉት ጊዜ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ይበልጥ ታዘዘ። በሚከተለው ዓመት በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቻቸው በኒው ዮርክ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን ከስብ ውስጥ አገኙ። ጐተራ ይባል የነበረው ስብ ከዚያ ወዲህ መልእክት የሚልክና የሚቀበል አካል ሆኖ ታየ።

በ1997 ቲ.ኤን.ኤፍ. አልፋን የሚሠራው ዘረ መል የጠፋባቸው አይጦች ቢወፍሩም እንደ ሌሎቹ ለኢንሱሊን እንቢ እንደማይሉ ታወቀ። በ2003 ደግሞ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና ሚሌኒየም ከተባለው የመድኃኒት ኩባንያ የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ በወፈረ አካል ስብ ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉት ዋጭ ሕዋሳት እጅግ እንደሚበዙ ገለጹ። በኮሎምቢያው ግምት መሠረት እነዚህ ሕዋሳት በቀጭን አካል ስብ ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ከ10 በመቶ በታች ሲሆኑ፣ እጅግ በወፈሩ ሰዎች ስብ ውስጥ ወደ 40 በመቶ ይደርሳሉ።

የአሠራሩም ነገር በከፊል ታውቋል። ኢንሱሊን በሕዋስ ደጃፍ ላይ ሲደርስ መልእክቱን ወደ ውስጥ የሚያደርስ አይ.አር.ኤስ. አንድ የሚባል ፕሮቲን አለ። የብግነት መልእክተኞች ጄ.ኤን.ኬ. የተባለውን ኤንዛይም ያስነሣሉ፤ ይህም ኤንዛይም በዚያ ፕሮቲን ላይ ፎስፌትን በማይገባው ቦታ ይለጥፍበታል። በዚህ ጊዜ መልእክቱ ይደክማል፤ ስኳርም ወደ ጡንቻና ወደ ስብ እንደሚገባው ሳይገባ በደም ውስጥ ይቀራል። በ2002 ጄ.ኤን.ኬ. አንድ የጐደላቸው አይጦች ከዚህ ጉዳት እንደሚጠበቁ ታይቷል።

፪. የትምህርቱ ጥንካሬ

ሒስ ማለት ማንቋሸሽ ብቻ ስላልሆነ የትምህርቱን ጥንካሬ አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። አንደኛ፣ ከደብዛዛ ንግግር ወጥቶ በስም የሚጠራ ሞለኪውል፣ በስም የሚጠራ ኤንዛይም፣ በዐይን የሚታይ ሕዋስ አቅርቧል። ሁለተኛ፣ ሊፈተን የሚችል ትምህርት ነው፤ ብግነቱ ቢጠፋ በሽታው መቅለል አለበት የሚል ግልጽ ትንቢት ይሰጣል። ሦስተኛ፣ የወፈሩ ሰዎች ስብ ሲመረመር ቲ.ኤን.ኤፍ. አልፋ በርግጥ በዝቶ ይገኛል፤ ሲከሱም ይቀንሳል። ስለዚህ የአይጡ ነገር ለሰው ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለት አይቻልም።

የኔ ክርክር የሚጀምረው ከሁለተኛው ነጥብ ነው። ትምህርቱ ሊፈተን የሚችል ከሆነ ፈተናው ምን ውጤት አመጣ?

፫. በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች

የመጀመሪያው ፈተና የወጣው በ1996 ነው። ሁለተኛው ዐይነት የስኳር በሽታ ላለባቸው 21 ወፍራም ሰዎች ቲ.ኤን.ኤፍ. አልፋን የሚያከሽፍ ፀረ አካል ወይም ባዶ መርፌ ተሰጥቶ ለ4 ሳምንት ክትትል ተደረገላቸው። በአይጥ ላይ ያን ያህል የሠራው ነገር በነዚህ ሰዎች ላይ ለኢንሱሊን መታዘዝን አልጨመረም፤ ስኳራቸውንም አላሻሻለም። በ2011 በወጣ ሌላ ጥናት ኢታነርሴፕት የተባለው መድኃኒት ለወራት ሲሰጥ የጾም ስኳርን እንደ ቀነሰ መታየቱን መካድ አይገባም፤ ነገር ግን ይህ ውጤት መድኃኒቱን የስኳር ሕክምና አላደረገውም።

ሁለተኛው ፈተና የሳሊሲሌት ነው። ይህ የአስፕሪን ቤተሰብ መድኃኒት በስኳር ሕሙማን ሽንት ውስጥ ያለውን ስኳር እንደሚቀንስ ጀርመናዊው ሐኪም ዊልሄልም ኤብስታይን በ1876 አስታውቀው ነበር። በ2001 የስቲቭን ሾልሰን ቡድን ሳሊሲሌት የሚሠራው የብግነትን አንድ ዋና መንገድ በመዝጋት መሆኑን በአይጥ ላይ አሳየ። ከዚያም ሳልሳሌት የተባለው መድኃኒት በ286 ሕሙማን ላይ ለ48 ሳምንት ተፈትኖ ውጤቱ በ2013 ታተመ። ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ስኳር መጠን ባዶ ክኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በ0.37 በመቶ ነጥብ ዝቅ አለ። ይህ እውነተኛ ውጤት ነው፤ ትንሽ ግን ነው። ከዚህም ጋር የሕሙማኑ ክብደትና ጐጂው ኮሌስትሮል ከፍ ማለቱ፣ በሽንት የሚወጣው አልቡሚንም መጨመሩ ተመዝግቧል።

ሦስተኛው ኢንተርሉኪን አንድ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ የሚመለከት ነው። በ2007 አናኪንራ የተባለው መድኃኒት በ70 ሕሙማን ላይ ለ13 ሳምንት ተፈትኖ የተጣበቀው ስኳር በ0.46 በመቶ ነጥብ ዝቅ አለ። እዚህ ላይ ማስተዋል ያለብን የተሻሻለው ምን እንደ ሆነ ነው። ቆሽት ኢንሱሊን የማመንጨት ኀይሉ ተሻሻለ፤ ሰውነት ለኢንሱሊን ያለው መታዘዝ ግን አልተለወጠም። እንግዲህ ይህ ሙከራ ስለ ቆሽት ብግነት ይመሰክራል እንጂ ስለ ስብ ብግነት አይመሰክርም፤ በብዙ ወረቀቶች ላይ ግን ለስቡ ምስክር ሆኖ ሲጠቀስ ይታያል።

አራተኛውና ትልቁ ካንቶስ የተባለው ሙከራ ነው። የልብ ድካም ደርሶባቸው በደማቸው የብግነት ምልክት ከፍ ብሎ የተገኘ 10,061 ሰዎች ገብተውበት፣ ካናኪኑማብ የተባለው መድኃኒት በ150 ሚሊግራም መጠን ዋና ዋናዎቹን የልብና የደም ሥር አደጋዎች በ15 በመቶ ገደማ እንደ ቀነሰ በ2017 ተነገረ። በ2018 ግን ከዚሁ ሙከራ ውስጥ ለስኳር በሽታ የተቃረቡት ሰዎች ተለይተው ሲመረመሩ፣ የደሙ ብግነት በግልጽ እየቀነሰ በሽታው መያዙን አልቀነሰም። በተጨማሪም መድኃኒቱ በወሰዱት ዘንድ ገዳይ የሆነ የተሕዋስያን ልክፈት በዝቶ ተገኝቷል። ስለ ልብ የደም ሥር የብግነት ትምህርት ፈተናውን አለፈ ማለት ይቻላል፤ ስለ ስኳር በሽታ ግን በዚህ ሙከራ አላለፈም።

፬. ምክንያት ነው ወይስ ውጤት?

በሀገራችን ሞራ ገላጭ የሚባለው የታረደውን በግ ሞራ እያየ የሚመጣውን ይናገር ነበር። ዛሬም ከወፍራም ሰው ሞራ ላይ ቍራጭ ወስዶ በአጉሊ መነጽር የሚመለከት ተመራማሪ ዋጭ ሕዋሳትን ቢያይ፣ ያየው በዚያች ሰዓት ያለውን ነው። የትኛው እንደ ቀደመና የትኛው እንደ ተከተለ ከቍራጩ ላይ ተጽፎ አያገኝም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከሌላ ማስረጃ መፈለግ አለብን።

በ2005 ጣሊያናዊው ሳቬሪዮ ቺንቲና ባልደረቦቻቸው ዋጭ ሕዋሳቱ በስቡ ውስጥ የት እንደሚገኙ መረመሩ። ከ90 በመቶ የሚበልጡት ተሰብስበው የተገኙት በሞቱ የስብ ሕዋሳት ዙሪያ፣ እንደ ዘውድ ከበዋቸው ነው። ይህ ትልቅ ነገር ይነግረናል። የስብ ሕዋስ ከመጠን በላይ ሲሞላ ይጨነቃል፣ ይሞታል፤ ዋጩም የሞተውን ለማንሣት ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ዋጩን የችግሩ ጀማሪ ማለት፣ ለቅሶ ቤት የተሰበሰበውን ሕዝብ አይቶ ሟቹን የገደለው ይህ ሕዝብ ነው እንደ ማለት ይሆናል።

ከዚህም የሚብስ ክርክር በ2014 ከፊሊፕ ሼረር ቤተ ሙከራ ወጣ። የስብ ሕዋሳታቸው ለብግነት መልስ እንዳይሰጡ የተደረጉ አይጦች ይሻላቸዋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ስብ የሚበዛበት ምግብ በተሰጣቸው ጊዜ ስባቸው በደኅና መስፋት አቅቶት ስቡ በጉበታቸው ውስጥ ተከማቸ፤ ለኢንሱሊንም ያላቸው መታዘዝ ተበላሸ። እንግዲህ ጥቂት ብግነት ስቡ እየታደሰ እንዲሰፋ የሚያስፈልግ ሥራ አለው ማለት ነው። ጠላት የተባለው ነገር ጠጋኝም ሆኖ ተገኘ።

ሁለት ሌሎች ነገሮችም በዚሁ አቅጣጫ ይመሰክራሉ። አንደኛው ሊፖዲስትሮፊ የሚባለው፣ የስብ ሕዋስ የማይበቅልበት ወይም የሚጠፋበት ብርቅ በሽታ ነው። ጉዳቱ ሁሉ ከበዛ ስብ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ጤነኞች በሆኑ ነበር። ነገር ግን ለኢንሱሊን እጅግ እንቢ የሚሉ፣ ጉበታቸው በስብ የተሞላ፣ በስኳር በሽታ የሚሠቃዩ ናቸው። ጐተራ የሌለው ቤት እህሉ መሬት ላይ እንደሚበተን፣ ማስቀመጫ ያጣ ስብም በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ይፈሳል። ሁለተኛው ሳሙኤል ክላይንና ባልደረቦቻቸው በ2004 ያወጡት ጥናት ነው። ከ15 ወፍራም ሴቶች ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ በግምት 10 ኪሎ ያህል በቱቦ ተመጥጦ ከወጣ በኋላ፣ ለኢንሱሊን ያላቸው መታዘዝም ሆነ በደማቸው የነበረው የብግነት ምልክት አልተሻሻለም። የወጣው ስብ ብዙ ነበር፤ ነገር ግን በጉበት፣ በጡንቻና በሆድ ዕቃ ሞራ ውስጥ ያለው ጭነት ከነበረበት አልተነካም።

በአንጻሩ ጭነቱ ራሱ ሲቀንስ የሚሆነውን በብሪታንያ ዳይሬክት የተባለው ሙከራ አሳይቷል። 306 ሰዎች በገቡበት በዚህ ሙከራ፣ በምግብ ቅነሳ ብቻ ክብደት እንዲቀንሱ ከተረዱት ውስጥ 46 በመቶው ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ ስኳር መድኃኒት ከበሽታው ደረጃ ወጥተው ተገኙ፤ በተለመደው ሕክምና ከቈዩት ውስጥ ግን 4 በመቶው ብቻ ናቸው። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ የቀነሱት ዘንድ ቍጥሩ 86 በመቶ ደረሰ። ይህን ውጤት ከሳልሳሌቱ 0.37 ጋር ስናስተያይ የትኛው ወደ ሥሩ እንደሚቀርብ ለመፍረድ አያስቸግርም።

፭. የቀጫጮቹ ነገር

ይህ ክርክር ለኛ ከመጽሐፍ ያለፈ ትርጕም አለው። በ2009 የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን በአብዛኛው ድኾችና ቀጫጭን መሆናቸውን ገልጸው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ ጕዳይ እንደገና ይታይ ብለው ጠይቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዐይነት በ1985 በመዝገቡ አስገብቶት በ1999 አውጥቶት ነበር። በ2025 ግን ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ዐምስተኛው ዐይነት ብሎ ዕውቅና ሰጠው። በነዚህ ሕሙማን ላይ የሚገፋ ስብ የለም፤ ችግራቸው በዋናው የኢንሱሊን ማነስ ነው።

ከዚህ የተለየ ነገር ደግሞ በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተ እስራኤል ላይ ታይቷል። በመካከላቸው በወጣትነት የስኳር በሽታ የያዛቸው ብዙ መሆናቸው በ1988 ተጻፈ፤ ኋላም የወጡ ጥናቶች በሽታው ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ክብደት እንደሚጀምራቸው አመልክተዋል። ይህን የማስቀመጫ አቅም ሐሳብ ሊያስረዳው ይችላል፤ ጐተራው ትንሽ ከሆነ ቶሎ ይሞላልና። ስለዚህ «ስኳር በሽታ ማለት የውፍረት ብግነት ነው» ብሎ የተማረ ሐኪም በጎንደር የተኛውን ቀጭን ገበሬም፣ በእስራኤል ያለውን ሸንቃጣ ስደተኛም በትክክል አያየውም። ሁለቱም አንድ ስም ይዘው የሚመጡ፣ መንገዳቸው ግን የተለያየ ሕሙማን ናቸው።

፮. የትምህርቱ ደጋፊዎች መልስና ማጠቃለያ

የትምህርቱ ደጋፊዎች ሦስት መልስ ይሰጣሉ። የ1996ቱ ሙከራ አንድ መርፌ ብቻ ስለ ሆነ አይበቃም ይላሉ፤ እውነት ነው። የብግነት መልእክተኞች ብዙ ስለ ሆኑ አንዱን ብቻ መዝጋት ሌላውን ክፍት ይተዋል ይላሉ፤ ይህም ይቻላል። የተፈተኑት በሽታው የቈየባቸው ናቸው፣ መድኃኒቱ አስቀድሞ ቢሰጥ ይሠራ ነበር ይላሉ። ይህን የመጨረሻውን ግን ካንቶስ አዳክሞታል፤ ገና ያልታመሙት ለዓመታት ታይተዋልና። ደግሞም እያንዳንዱ ሙከራ ባልተሳካ ቍጥር አዲስ ምክንያት የሚገኝለት ትምህርት፣ መጀመሪያ ያስከበረውን ያን ሊፈተን የመቻል ጠባይ ቀስ በቀስ ያጣል።

ለማጠቃለል፣ ለጓደኞቼ ተማሪዎች የምሰነዝረው ሐሳብ አጭር ነው። ስለዚህ ጕዳይ ስንጽፍ የአይጥን ውጤት የአይጥ፣ የሰውንም የሰው ብለን እንለይ፤ ከ60 በመቶ ስብ በሚሰጥ መኖ በጥቂት ሳምንት የወፈረ አይጥ በ20 ዓመት ቀስ በቀስ የወፈረን ሰው አይተካምና። ብግነቱ በየትኛው አካል እንደ ሆነም እንግለጥ፤ የቆሽት፣ የደም ሥርና የስብ ብግነት አንድ ላይ ሲጨፈለቁ አንዱ ባገኘው ድል ሌላው ይከብራል። መጀመሪያ የነበረው ጭነቱ መሆኑን፣ ብግነቱም ጭነቱን ተከትሎ መጥቶ ጉዳቱን የሚያባብስ መሆኑን የሚያመለክተውን ማስረጃ አንዝለለው።

ይህ የቃላት ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ሥሩ ብግነት ነው ተብሎ ከታመነ ገንዘቡና ድካሙ ብግነትን ወደሚያጠፋ መርፌ ይሄዳል፤ ገበያውም ብግነት አጥፊ እያለ ሻይና ቅጠል ለሕመምተኛው ይሸጣል፤ ሕመምተኛውም የሚበላውን ሳይለውጥ ዱቄቱን እየበጠበጠ ይጠጣል። ሥሩ ከአቅም ያለፈ ጭነት ነው ከተባለ ግን ጥያቄው ሰው ምን ይበላል፣ እንዴት ይንቀሳቀሳል፣ ክብደቱንስ ለመቀነስ ማን ይረዳዋል ወደሚለው ይዞራል። የሆታሚስሊጊልና የባልደረቦቻቸው ሥራ ስብ ሕያው አካል መሆኑን ካስተማሩን ሥራዎች አንዱ ነው፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ከዚህ አልፎ የበሽታው ሁሉ ቍልፍ ተገኘ የሚለው ግን በሰው ላይ በተደረጉት ሙከራዎች ገና አልጸናም።